ጥሪው በር ላይ እንዳይቆረጥ፦ ስልክን ከዋይፋይ ወደ ዋይፋይ፣ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ማሻገር

እማዬ ከእህቴ ጋር የምታወራው እሁድ ከሰዓት ነው፤ ሜሪላንድ ሲነጋ ማለት ነው። በቪዲዮ ካልሆነ አይሆንላትም። ቁጭ ብላ ማውራት ደግሞ አትችልም። ሳሎን ትጀምርና ወጡን ልታማስል ግቢውን አቋርጣ ሰርቪስ ቤቱ ጋ ወዳለው ኩሽና ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ ጩኸቱ ይሰማል፦ "አንቺ ልጅ! ፊትሽ ቆመ እኮ! ሄሎ? ሄሎ?"

ኔቱ ቀርፋፋ አይደለም። ሳሎን አንድ ራውተር አለ፣ ሰርቪሱ ጋ ሌላ አለ። ሁለቱም ጋ ሲግናሉ ሙሉ ነው። የሚቆረጠው መሀል ላይ ነው። ያንን ግቢ ሳስተካክል ያየሁትን፣ ከዚያም ከቤት ውጭ፣ ታክሲ ውስጥና ካፌ ላይ የሚሠራውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ምክንያቱ ይግባን

ስልካችሁ ኢንተርኔት ላይ አድራሻ አለው፤ አይፒ አድራሻ ይባላል። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲሻገር አድራሻው ይቀየራል። ማዶ ያለው ግን የሚልከው አሁንም ወደ ድሮው አድራሻ ነው። ለጎረቤት ሳይናገር ቤት እንደቀየረ ሰው፣ መልእክቱ የሚደርሰው ባዶ ቤት ነው። አፑ ነቅቶ "አሁን እዚህ ነኝ" እስኪል ድረስ ምስሉ ቆሞ ይቀራል።

ይሄ ችግር አዲስ አይደለም። በ1996 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) "ሞባይል አይፒ" የሚባል መላ ታትሞ ነበር። ደብዳቤውን ከድሮው ቤት ተቀብሎ ወደ አዲሱ የሚልክ ወኪል ማለት ነው። ተራ ስልኮች ላይ ግን አልተስፋፋም። አሁን የተሻለው "ኩዊክ" ነው፤ በ2021 መደበኛ ሆኖ ወጣ። ኩዊክ ግንኙነቱን የሚያውቀው በአድራሻ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ስለሆነ አድራሻው ቢቀየርም መቀጠል ይችላል። አፕል ደግሞ በድምፅ የሚታዘዘውን ረዳቱን ሲሪን ከ2013 ጀምሮ በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ በሚሄድ ዘዴ ማሠራት ጀመረ። የትኛው አፕ የትኛውን እንደሚጠቀም እኛ አንመርጥም።

ሁለተኛው ምክንያት የስልኩ ጠባይ ነው። ብዙ ሰው ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው የሚያሻግረን ራውተሩ ይመስለዋል። አይደለም፣ የሚወስነው ስልኩ ነው። ስልክ ደግሞ አንዴ የያዘውን ሙጥኝ ይላል። አዲሱ ራውተር አፍንጫው ሥር ሆኖ የድሮውን አንድ ባር ይዞ ይንገታገታል።

ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው። ቤት ውስጥ አድራሻው እንዳይቀየር ማድረግ። ውጭ ደግሞ አድራሻው መቀየሩ ስለማይቀር፣ ስልኩ ደካማውን ቶሎ እንዲለቅ ማድረግ።

ደረጃ 1፦ የሚቆረጥበትን ቦታ በእግር ፈልጉ

ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት ስልኩን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። አንድሮይድ ላይ "ዋይፋይ አናላይዘር" የሚባሉ ነፃ አፖች አሉ። አይፎን ላይ የአፕልን "ኤርፖርት ዩቲሊቲ" አውርዱና ከአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ዋይፋይ ስካነር" የሚለውን አብሩለት።

የምታዩት ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፤ በዲቢኤም ይለካል። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው። −50 በጣም ጥሩ ነው። ለጥሪ እስከ −67 ድረስ ያስኬዳል። −80 ላይ ከደረሰ ለጥሪ አትመኑት።

አይፎን ሌላ ዋይፋይ መፈለግ የሚጀምረው የያዘው −70 ሲደርስ ነው። ያኔም ዝም ብሎ አይዘልም። ጥሪ ላይ ከሆናችሁ አዲሱ ቢያንስ በ8 ዲቢ እንዲበልጥ ይፈልጋል፤ የያዘው −72 ከሆነ አዲሱ −64 ወይም የተሻለ መሆን አለበት ማለት ነው። ስልኩ ሥራ ፈት ከሆነ ልዩነቱ ወደ 12 ከፍ ይላል። አንድሮይድ ስልኮች እንደየአምራቹ ይለያያሉ፣ ጠባዩ ግን ተመሳሳይ ነው።

የእኛ ግቢ ላይ ሳሎኑ በር ጋ −61 ነበር። መሀል ግቢ −76። ሰርቪሱ ደጃፍ ስደርስ የሰርቪሱ ራውተር −52 እያሳየ የእማዬ ስልክ የሳሎኑን በ−83 ይዞ ነበር። ለምን? ስሞቹን ሳይ ገባኝ። አንዱ የእኛ ስም፣ ሌላው ፋብሪካ ያወጣለት ስም። ለስልኩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ካልሞተ በቀር ወደ ሁለተኛው አይሄድም።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ራውተሮች አንድ ቤት አድርጉ

ይሄ ዋናው ሥራ ነው፣ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ሁለት ራውተር ባለበት ቤት የተለመደው ስህተት ሁለቱም አድራሻ አዳይ መሆናቸው ነው። አድራሻ የሚያድለው ክፍል ዲኤችሲፒ ይባላል። ሁለቱም ለየብቻ ሲያድሉ ሳሎን 192.168.1.23 የነበረው ስልክ ሰርቪስ ቤት ሲደርስ 192.168.0.105 ይሆናል። ጥሪው እዚያ ላይ ይሰናከላል። አንድ አዳይ ብቻ መቅረት አለበት።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፦

1. ሁለተኛውን ራውተር ለብቻው አብሩት፤ ከመጀመሪያው ጋር ገና አታገናኙት። ላፕቶፕ በኬብል ላን ከሚሉት ፖርቶች አንዱ ላይ ሰኩ። ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚለውን ተዉት።

2. ብራውዘር ላይ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። መግቢያው ፓስወርድ እዚያው ተለጥፏል፣ ካልቀየራችሁት።

3. "አክሰስ ፖይንት ሞድ" (አድራሻ ማደሉን ትቶ ዋይፋይ ብቻ የሚለቅበት) የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ፣ ከዚህ ዝርዝር ተራ ቁጥር 4ን ሠርታችሁ ወደ 7 ዝለሉ። ከሌለው በተራ ቀጥሉ።

4. የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርድና የደኅንነት ዓይነት ከመጀመሪያው ራውተር ጋር አንድ አድርጉ። ሦስቱም! ስሙ በአንድ ፊደል ቢለይ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቢቀያየር እንኳ ስልኩ እንግዳ ያደርገዋል። አንዱ ደብሊውፒኤ2፣ ሌላው ደብሊውፒኤ3 ከሆነም ሽግግሩ ይሰናከላል።

5. የሁለተኛውን ራውተር የላን አድራሻ ቀይሩ። የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛውን 192.168.1.2 በሉት። አንዳንድ የፋይበር ሣጥን 192.168.100.1 ነው፤ እንደዚያ ከሆነ 192.168.100.2 ይሁን። የመጀመሪያው ራውተር ይሄንኑ ቁጥር ለስልክ እንዳያድለው የሚያድልበትን ክልል ከ10 አስጀምሩት። አድራሻውን ስትቀይሩ ገጹ ይጠፋል፤ አትደንግጡ፣ በአዲሱ ቁጥር ተመልሳችሁ ግቡ።

6. አሁን ዲኤችሲፒን አጥፉና ሴቭ አድርጉ።

7. ከመጀመሪያው ራውተር ላን ፖርት ወደ ሁለተኛው ላን ፖርት ኬብል ዘርጉ። ከላን ወደ ላን! አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ካደረጋችሁት ግን የራውተሩን መመሪያ እዩ፤ አንዳንዱ ዋን ፖርቱንም ይቀበላል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ለግቢ ይበቃል።

ከዝርዝሩ ተራ ቁጥር 6ን ከ5 በፊት የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። ዲኤችሲፒውን ቀድሜ አጠፋሁት፣ ራውተሩ ተነሣ፣ ላፕቶፔ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ሰጥቶ ቁጭ አለ። ያ ቁጥር "የሚያድለኝ አጣሁ" ማለቱ ነው። ለላፕቶፑ በእጅ 192.168.0.50 ብሰጠው ይገባልኝ ነበር። በወቅቱ አላወቅኩም፣ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ 10 ሰከንድ ተጭኜ ከሀ ጀመርኩ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሳሎን ቆማችሁ ስልኩ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ግቡና አይፒ አድራሻውን እዩ። ሰርቪስ ቤት ሄዳችሁ ድጋሚ እዩ። ቁጥሩ ያው ከሆነ ጨርሳችኋል። ከተቀየረ ሁለተኛው አዳይ አልጠፋም።

ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ሜሽ የሚባሉት፣ እርስ በርስ በአየር የሚገናኙ ጥንድ ራውተሮች ይሻላሉ። የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ የሚደግመው ርካሹ ሪፒተር ግን አንዷን ሬዲዮ ለመቀበልም ለመላክም ስለሚጠቀምባት ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለቴሌግራም ጽሑፍ ይበቃል፣ ለእማዬ ቪዲዮ አይበቃም።

ደረጃ 3፦ ቻናልና ጉልበት

ዋይፋይ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሞገዶች ይሄዳል፤ ቻናል ማለት በሞገዱ ውስጥ ያለ መስመር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዱን ራውተር 1 ላይ፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ጎረቤቶቻችሁ የሞሉትን በአናላይዘሩ እዩና ባዶውን ያዙ። የሁለቱ ራውተሮች ቻናል አንድ መሆን የለበትም፤ አንድ መሆን ያለበት ስሙ ነው።

5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ብሎኬት ግድግዳ አይወድም። ያው ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ይንበለበላል፣ ሁለት ግድግዳ ሲሻገር ይሞታል።

ቀጥሎ የምለውን ሰው አያምንም። የራውተሩን የማስተላለፊያ ጉልበት ቀንሱ። ሴቲንጉ ውስጥ "ትራንስሚት ፓወር" ይባላል። የሳሎኑ ራውተር 100 በመቶ ሲጮህ ኩሽና ድረስ ስለሚሰማ ስልኩ አይለቀውም። ወደ መካከለኛ ስታወርዱት ግቢ ላይ ሲደርስ ይደክማል፣ ስልኩም ቶሎ ተስፋ ቆርጦ አዲሱን ይይዛል። እኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

ራውተሩ "ፋስት ሮሚንግ" የሚል ካለው፣ ወይም በቁጥር 802.11ኬ፣ ቪ እና አር ብሎ ካስቀመጣቸው፣ ኬንና ቪን አብሩ። ስልኩ ጎረቤት ራውተር የት እንዳለ ቀድሞ እንዲያውቅ ያደርጋሉ። አር ሽግግሩን ያፈጥናል፣ ግን አንዳንድ አሮጌ ስልክና ፕሪንተር እሱ ሲበራ ጨርሶ አልገናኝም ይላል። ካበራችሁት በኋላ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ፈትሹ።

መብራት ሲሄድ

ራውተሩ ሲጠፋ ስልኩ ወደ ዳታ ይሄዳል፣ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ መብራት ሲመጣ ነው። ራውተሩ ተነሥቶ ዋይፋይ መልቀቅ ይጀምራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ገና አልመጣም። አንዳንዱ ስልክ ይቸኩልና ባዶውን ዋይፋይ ይይዛል። ጥሪ ላይ ከሆናችሁ መብራት እንደመጣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ስትጨርሱ አብሩት።

ዘላቂው መላ ለራውተር የሚሆን ትንሽዬ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ ነው። ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ 9 ቮልትም አለ። የፋይበር ሣጥኑና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱንም መያዝ አለበት። ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ ከቤት ስትወጡ

እዚህ አድራሻው መቀየሩ አይቀርም። የምንችለው ስልኩ ደካማውን ዋይፋይ ቶሎ እንዲለቅ መርዳት ነው።

አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ሴሉላር" ወይም "ሞባይል ዳታ" የሚለውን ክፈቱና እስከ ታች ውረዱ፤ "ዋይፋይ አሲስት" አለ። ከ2015 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ዋይፋዩ ሲደክም ወደ ዳታ ያሻግራል። ሳምሰንግ ላይ ዋይፋይ ገጽ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ "ኢንተለጀንት ዋይፋይ" ውስጥ "ስዊች ቱ ሞባይል ዳታ" የሚለውን አብሩ።

ሌሎች አንድሮይዶች ላይ "አባውት ፎን" ውስጥ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። የዴቨሎፐር ገጽ ይከፈታል። እዚያ "ሞባይል ዳታ ኦልዌይስ አክቲቭ" መብራቱን እዩ። ዋይፋይ ላይ ሆናችሁም ዳታው ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሽግግሩ ይፈጥናል። ባትሪ ትንሽ ይበላል። እዚያ ገጽ ላይ ሌላ ነገር አትነካኩ።

እነዚህ ሁሉ ሲበሩ ዳታችሁ ሳታውቁት ሊሄድ እንደሚችል እወቁ። የአፕ አፕዴት "በዋይፋይ ብቻ" ይሁን። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በ*804# ቀሪውን ማየት ልማድ አድርጉት።

እኔ ግን አስፈላጊ ጥሪ ካለብኝ ይሄን ሁሉ አላምንም። ጫማዬን ሳስር ዋይፋዩን አጠፋለሁ፣ ዳታው መያዙን አያለሁ፣ ከዚያ እደውላለሁ። ወግ አጥባቂ በሉኝ።

ስለ ብር አንድ ነገር። በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቴሌብር ገንዘብ እየላካችሁ ደረጃ አትውረዱ። "ላክ" ከነካችሁ በኋላ ኔቱ ከተቆረጠ ድጋሚ አትንኩ። ጥያቄው ደርሶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሂሳባችሁንና ኤስኤምኤሱን እዩ።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ

ዳታ ላይ ሆናችሁ ከአንድ ማማ ወደ ሌላ ማማ ስታልፉ የሚያሻግራችሁ ኔትወርኩ ራሱ ነው፣ አድራሻችሁም አይቀየርም። ለዚህ ነው ሚኒባስ ውስጥ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት ሳይቆረጥ ማውራት የሚቻለው። ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ሲወርድ ወይም ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ነው። ኔትወርክ ዓይነቱን አውቶማቲክ ላይ ተዉት። "4ጂ ብቻ" ብሎ ማሰር ፈጣን ይመስላል፣ ግን በ4ጂ ላይ ድምፅ የማይሠራለት ስልክ ተራ ጥሪ እንኳ ሳይገባለት ይውላል።

ከረጅም መንገድ በኋላ ባር እያለ ኔት እምቢ ካለ ኤርፕሌን ሞድ 10 ሰከንድ አብርታችሁ አጥፉ። ስልኩ እንደ አዲስ ማማ ይፈልጋል።

ሁለት ሲም የያዛችሁ፣ ለምሳሌ አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም ሌላው በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም፣ ዳታን በራሱ የሚቀያይር ምርጫ በብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ አለ። ከሲም ወደ ሲም መቀየር ግን አድራሻ ይቀይራል። ለጥሪ ሳይሆን ለአሰሳና ለመልእክት ነው የሚጠቅመው።

አሁን ወደ ካፌው። ትራፊክ ተዘግቶ ሚኒባሱ ቆሟል። ዳታችሁ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ቴሌግራም "ኮኔክቲንግ" ይላል። ቀና ብላችሁ ስታዩ ባለፈው ወር ማኪያቶ የጠጣችሁበት ካፌ ፊት ለፊት ናችሁ። ስልኩ ፓስወርዱን አስታውሶ ከመንገድ ማዶ የደከመውን ዋይፋይ ይዞላችኋል። ሲግናል አለ፣ ኢንተርኔት የለም። ሆቴል ላይ ደግሞ ገጽ ከፍታችሁ ቁጥር እስክታስገቡ የማይሠራ ዋይፋይ አለ፤ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። መድኃኒቱ ከካፌ ከመውጣታችሁ በፊት የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ "ኦቶ ጆይን" ወይም "ኦቶ ሪኮኔክት" የሚለውን ማጥፋት ነው። የማትመለሱበት ከሆነ "ፎርጌት" በሉት። እኔ አንድ ቀን ዝርዝሬን ሳጸዳ አርባ ምናምን ካፌ ወጣ፤ ስለ ማኪያቶ ወጪዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የቀሩ ሁለት ነገሮች

ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል ሸፍኖ የሚያሳልፍ አፕ) የምትጠቀሙ ከሆነ አፑ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የግንኙነቱን ዘዴ፣ ዋየርጋርድ ወይም አይኬኢቪ2 አድርጉት። ሁለቱም አድራሻ ሲቀየር መከተል ይችላሉ።

የባትሪ ቆጣቢው ነገርም አለ። ስልካችሁ ኪስ ሲገባ ቴሌግራምን የሚያስተኛ ከሆነ ሽግግሩ ጥሩ ቢሆንም ጥሪ አይገባላችሁም። የአፑን ስም ተጭናችሁ ያዙ፣ "አፕ ኢንፎ" ውስጥ ባትሪ ላይ "አንሪስትሪክትድ" ምረጡ። ለምትደውሉበት አፕ ብቻ፤ ለሁሉም ካደረጋችሁት ባትሪው እስከ ምሳ አይደርስም።

ፈተናው

ለአንድ ሰው ደውሉና ቁጥር እንዲቆጥርላችሁ ጠይቁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እየሰማችሁ ቤቱን ዙሩ፣ ግቢውን አቋርጡ፣ በሩን ወጥታችሁ እስከ ሱቅ ሂዱ። የትኛው ቁጥር እንደተዋጠና የት እንደቆማችሁ መዝግቡ። ቤት ውስጥ አንድ ቁጥር ቢዋጥ ደህና ነው። በር ላይ ሦስት አራት ቢዋጥና ጥሪው ራሱ ቢመለስ እሱም ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደዚያ ደረጃ ተመለሱ።

እህቴ ከሜሪላንድ ስትቆጥርልኝ ሳሎን 1 ብላ ጀምራ ኩሽና 38 ላይ ደረስን። የጠፋው 22 ብቻ ነበር፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር። እማዬ ግን እስካሁን ግቢው መሀል ስትደርስ ቆም ትልና ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ታደርገዋለች። እህቴም በየእሁዱ የአዲስ አበባን ሰማይ ታያለች።